የስፓኒሽ መደበኛ ግሥ እርባታ

መደበኛ ግሥ የሚባለው ሥሩን ሳይቀይር በመደብ፣ በቁጥር፣ በጊዜና በስልት የሚረባ የስፓኒሽ (እስፓንኛ፣ ካስቴያኖ) ግሥ ነው። እርባታው በአርእስቱ መድረሻ መሠረት ሦስት ክፍል አለው፦ በ«አር» የሚጨርስ፣ ለምሳሌ ካንታር (መዝፈን)፤ በ«ኤር» የሚጨርስ፣ ለምሳሌ ኮሜር (መብላት)፤ በ«ኢር» የሚጨርስ፣ ለምሳሌ ቢቢር (መኖር)። የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ በሠንጠረዦቹ አማር፣ ቴሜርና ፓርቲር የተባሉትን ሲጠቀም፣ የመማሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ አብላር (መናገር)፣ ኮሜርና ቢቢርን ይመርጣሉ። እዚህ የተወሰደው ካንታር ነው።

ከሦስቱ ትልቁና ዛሬም አዳዲስ ግሦችን የሚቀበለው የ«አር» ክፍል ነው። ከውጭ ቋንቋ የገባ ግሥ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ወደዚህ ይመደባል፤ ቱዊቴአር (በትዊተር መጻፍ) የሚለው «ኤአር» ተብሎ የሚነበብ መድረሻ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአካዳሚው መዝገበ ቃላት 23ኛ እትም ገብቷል። ላቲን አራት የእርባታ ክፍሎች ነበሩት። ረጅምና አጭር «ኤ» የነበራቸው ሁለቱ በስፓኒሽ ተዋሕደው አንድ ሆነዋል፤ ከፊሎቹም ወደ «ኢር» ተሻግረዋል። በዛሬው ቋንቋ የ«ኤር» እና የ«ኢር» ግሦች የሚለያዩት በጥቂት ቦታ ብቻ ነው፦ በአሁን ጊዜ «እኛ» እና «እናንተ» (ኮሜሞስ፣ ቢቢሞስ)፣ በብዙ ቁጥር ትእዛዝ፣ እንዲሁም አርእስቱን መሠረት አድርገው በሚሠሩት ጊዜያት።

የመደብ ምልክቶች

በአማርኛ የመደብ ምልክት ከግሡ ፊትም ከኋላም ይመጣል (ት-ዘፍኛ-ለሽ)። በስፓኒሽ ግን ሁሉም ነገር ከኋላ ነው። በአሁን ጊዜ ካንቶ (እዘፍናለሁ)፣ ካንታስ፣ ካንታ፣ ካንታሞስ፣ ካንታይስ፣ ካንታን ይባላል። «ስ» የአንተ ወይም የአንቺ፣ «ሞስ» የእኛ፣ «ን» የእነርሱ ምልክት ሆነው በአብዛኞቹ ጊዜያት ይደጋገማሉ። ግሡ ጾታ አይለይም። «ዘፈነ» እና «ዘፈነች» አንድ ቅርጽ ነው፤ ባለቤቱም ካልተጠቀሰ የሚታወቀው ከአውዱ ነው።

የድምፅ ጫና

ይህ ክፍል በብዙ የሰዋስው መጻሕፍት በአንድ አንቀጽ ይታለፋል፤ ለጀማሪ ተማሪ ግን ከመድረሻዎቹ ዝርዝር ያላነሰ ክብደት አለው። ካንቶ ጫናው በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ሲያርፍ «እዘፍናለሁ»፣ በመጨረሻው ላይ ሲያርፍ «ዘፈነ» ነው። ካንቴም እንዲሁ ነው፤ ጫናው ከፊት ከሆነ የዘንድ ስልት (ይዝፈን)፣ ከኋላ ከሆነ «ዘፈንኩ» ይሆናል። ካንታራ መካከሉ ሲጠነክር «ቢዘፍን»፣ መጨረሻው ሲጠነክር «ይዘፍናል» ነው። በላቲን ፊደል ልዩነቱን የሚያሳየው በአናባቢው ላይ የሚቀመጥ ጭረት ሲሆን፣ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉ ግን ሁለቱ ቃላት አይለዩም። አማርኛም በራሱ በኩል ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። «ይበላል» የሚለው ጽሑፍ ሰውየው የሚበላ ይሁን ምግቡ የሚበላ የሚታወቀው «በ» እና «ለ» ጠብቀው ወይም ላልተው ሲነበቡ ነው።

ሁለቱ ኃላፊ ጊዜያት

ያለቀ ድርጊት በካንቴ፣ ካንታስቴ፣ ካንቶ፣ ካንታሞስ፣ ካንታስቴይስ፣ ካንታሮን ይነገራል። በሂደት ላይ የነበረ ወይም የተለመደ ድርጊት ደግሞ በካንታባ፣ ካንታባስ ወዘተ ይገለጻል፤ ወደ «ይዘፍን ነበር» ይጠጋል። በ«ኤር» እና በ«ኢር» ግሦች የካንታባ «ባ» ወድቆ «ኢያ» ብቻ ቀርቷል (ኮሚያ፣ ቢቢያ)። ካንታሞስ የአሁንም የኃላፊም ጊዜ ሊሆን ይችላል።

በብዙ አገር ንግግር «ዘፈንክ» ለማለት ከካንታስቴ ይልቅ ካንታስቴስ ሲባል ይሰማል። ትምህርት ቤት ይህን «ስ» እንደ ስሕተት ያርማል። ምንጩን በተመለከተ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኛው፣ በሌሎቹ ጊዜያት ሁሉ የአንተ ቅርጽ በ«ስ» ስለሚጨርስ ይህም በምሳሌያቸው ተስቦ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ካንታስቴስ ቀድሞ «ቦስ» ለሚባለው መደብ የተለመደ ቅርጽ እንደነበረ፣ ካንታስቴይስ የሚለውም ኋላ የመጣ መሆኑን ያስታውሳል። ሁለቱ ምክንያቶች አብረው ሠርተው ሊሆን ይችላል።

የትንቢት ጊዜ አመጣጥ

ካንታሬ (እዘፍናለሁ፣ ወደፊት) ዛሬ አንድ ቃል ቢሆንም ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው። ላቲን የራሱ የትንቢት ቅርጽ፣ ካንታቦ፣ ነበረው። ይህ ጠፍቶ በቦታው አርእስቱ ከ«አቤሬ» (መኖር፣ መያዝ) የአሁን ጊዜ ጋር ተጣመረ። በመጀመሪያ ግዴታን ሳይገልጽ አልቀረም፤ «መዝፈን አለብኝ» እንደሚባለው ዓይነት ነው። ከዚያ ትንቢት ሆነ። ካንታሪያ (እዘፍን ነበር፣ ቢሆንልኝ) የሚለውም ከዚሁ ረዳት ግሥ ኃላፊ ጊዜ የመጣ ነው። አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ እ.ኤ.አ. በ1492 በሳላማንካ ባሳተመው ሰዋስው፣ የካስቲያ ቋንቋ የትንቢት ጊዜ ከአርእስቱና ከዚህ ግሥ መሠራቱን አመልክቷል። መጽሐፉ ለንግሥት ኢሳቤል የተበረከተ ሲሆን በዘመናዊ የአውሮፓ ሕዝብ ቋንቋ ላይ ከታተሙት ሰዋስዎች ቀደምት እንደሆነ ይነገርለታል።

በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች መጋጠሚያው ገና አልተዘጋም ነበር። «እዘፍነዋለሁ» ለማለት ካንታር ሎ ኤ ይጻፋል፤ ተሳቢው «ሎ» በአርእስቱና በረዳቱ መካከል ይገባል ማለት ነው። በአውሮፓው ፖርቱጋልኛ፣ በተለይ በጽሑፍ፣ ይህ አሁንም አለ። የአማርኛው «እዘፍነዋለሁ» ራሱ በተመሳሳይ መንገድ የተሠራ መሆኑን ማስተዋል ይጠቅማል፤ «እዘፍን» እና «አለሁ» ተጋጥመው ተሳቢው መካከላቸው ተቀምጧል። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ዝምድና ስለሌለ መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነው፤ ረዳት ግሥ ወደ ዋናው ግሥ ሲጣበቅ የሚሄድበት መንገድ ግን የጋራ ይመስላል።

ካንታቦ ለምን ጠፋ የሚለው ብዙ አከራክሯል። በሰፊው የሚጠቀሰው ምክንያት የድምፅ መቀላቀል ነው። በኋለኛው ላቲን «ብ» እና በሁለት አናባቢ መካከል ያለው «ው» ስለተቀራረቡ ካንታቢት (ይዘፍናል) እና ካንታዊት (ዘፈነ) በጆሮ መለየት አዳጋች ሆነ። ጀርመናዊው የቋንቋ ሊቅ ካርል ፎስለር ግን ተራው ሕዝብ ስለ ወደፊቱ የማሰብ ዝንባሌው ደካማ በመሆኑ ጊዜውን ወደ ግዴታና ምኞት ለወጠው የሚል አስተያየት አቀረበ። በሮማኒያ ተወልዶ በሞንቴቪዴዎና በቱቢንገን ያስተማረው ኤውሄኒዮ ኮሴሪዩ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጥናት የክርስትና መስፋፋት ለአዲሱ አነጋገር መነሻ እንደሆነ ተከራክሯል፤ ክርስትና መጪውን ጊዜ እንደ ተስፋና እንደ ኃላፊነት እንዲታይ አድርጓል በሚል። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም በጽሑፍ ማስረጃ ለማረጋገጥ ያስቸግራል። የድምፁ ማብራሪያም ቢሆን ሁሉንም መደብ አይሸፍንም፤ ካንታቦ በራሱ ከሌላ ቅርጽ ጋር የሚምታታ አልነበረምና።

ዛሬ በንግግር ውስጥ ካንታሬ ራሱ ቦታውን እየለቀቀ ነው። ባብዛኛው የሚሰማው ቦይ አ ካንታር («ልዘፍን ነው») ነው። ካንታሬና ዘመዶቹ በተለይ ለግምት ይቀራሉ፤ ኤስታራ ካንታንዶ «እየዘፈነ ይሆናል» ማለት ነው፣ አሁን።

የዘንድ ስልት

በ«አር» ግሦች «ኤ»፣ በሌሎቹ «አ» ይገባል፦ ካንቴ፣ ካንቴስ፣ ካንቴ፣ ካንቴሞስ፣ ካንቴይስ፣ ካንቴን፤ ኮማ፤ ቢባ። ኪዬሮ ኬ ካንቴስ «እንድትዘፍን እፈልጋለሁ» ነው። አጠቃቀሙ ሰፊ ስለሆነ እዚህ አይዘረዘርም።

ኃላፊው ሁለት ቅርጽ አለው፦ ካንታራ እና ካንታሴ። ካንታሴ ከላቲን የዘንድ ስልት የወረደ ነው። ካንታራ ግን በመሠረቱ የዘንድ ስልት አልነበረም። ምንጩ ካንታዌራም ሲሆን ትርጉሙ «ዘፍኜ ነበር» ነው፤ በጥንት ስፓኒሽም በዚሁ ትርጉም ያገለግል ነበር። «ቢዘፍን» በሚባልበት ሁኔታ እየገባ ቀስ በቀስ የካንታሴን ቦታ ተጋራ። የቀድሞው ትርጉም ርዝራዥ ዛሬም በጋዜጦች ይታያል፤ አንዳንድ ዘጋቢ «ዘፍኖ የነበረው» ለማለት ካንታራ ይጽፋል። የቋንቋ መምህራን ብዙዎቹ ይህን አይወዱትም።

ሁለቱ በትርጉም ይለያሉ ወይ? የቋንቋ ሊቁ ድዋይት ቦሊንጀር እ.ኤ.አ. በ1956 ጥያቄውን ካነሣ ወዲህ ካንታሴ ከተናጋሪው የራቀ ነገርን ያመለክታል የሚሉ ቀርበዋል። አካዳሚው በዘንድ ስልት አጠቃቀማቸው እኩል ናቸው ይላል። በአሜሪካ አህጉር ካንታራ እጅግ አይሏል፤ በስፔን ሁለቱም ይሰማሉ። ተማሪ ካንታራን ብቻ ቢይዝ የሚጎድለው ነገር የለም፤ ካንታሴን ሲያነብ ግን ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው፣ ካንታሬ (ጫናው በመካከል)፣ የዘንድ ስልት ትንቢት ነው። ከንግግር ጠፍቷል። አሁን በሁለት ቦታ ይገኛል። አንዱ ተረትና ምሳሌ ነው፦ አዶንዴ ፉዌሬስ፣ አስ ሎ ኬ ቢዬሬስ («በሄድክበት የምታየውን አድርግ»)፤ እዚህ ያሉት ግሦች መደበኛ አይደሉም። ሌላው ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የስፔን የወንጀል ሕግ ስለ ነፍስ ግድያ የሚናገረውን 138ኛ አንቀጽ የሚጀምረው ማታር (መግደል) ከሚለው መደበኛ ግሥ በተገኘው ማታሬ ነው፤ «ሌላውን የገደለ» ለማለት።

ትእዛዝ

ካንታ (ዝፈን፣ ዝፈኚ)፤ ካንታድ (ዝፈኑ)። ለአክብሮትና ለአሉታ የዘንድ ስልት ይወሰዳል፦ ካንቴ፤ ኖ ካንቴስ (አትዝፈን)። በስፔን በካንታድ ፈንታ አርእስቱን ካንታርን መጠቀም የተለመደ ነው፤ አካዳሚው አይደግፈውም።

ድርብ ጊዜያት

ከረዳት ግሡ አቤር እና ከካንታዶ (የተዘፈነ) ይሠራሉ፦ ኤ ካንታዶ፣ አቢያ ካንታዶ፣ አብሬ ካንታዶ። በማድሪድ «ዛሬ ጠዋት ዘፈንኩ» ሲባል ኤ ካንታዶ፣ በሜክሲኮና በቦነስ አይረስ ካንቴ ይመረጣል። ጋሊሲያና ካናሪያ ደሴቶችም ወደ ካንቴ ያደላሉ።

አክብሮትና አካባቢ

ኡስቴድ (እርስዎ) የሚለው «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ከሚል የማዕረግ አጠራር ስለመጣ ግሡ በሦስተኛ መደብ ይሆናል፦ ኡስቴድ ካንታ። «እርስዎ ይዘፍናሉ» ሲባል ግሡ ከ«እነርሱ» ጋር እንደሚገጥመው ነው። ካንታይስ የስፔን ብቻ ነው ለማለት ይቻላል፤ በአሜሪካ አህጉር ለብዙ ሰው ኡስቴዴስ ካንታን ይባላል። በአርጀንቲናና በኡራጓይ ደግሞ «አንተ» ቦስ ሲሆን ግሡ ካንታስ፣ ኮሜስ፣ ቢቢስ ሆኖ ጫናው ወደ መጨረሻ ይሄዳል። በቺሊ ካንታይ ይሰማል።

ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኩባ፣ በተለይም በኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ተምረዋል። የለመዱት የካሪቢያን ስፓኒሽ ካንታይስን አይጠቀምም። በዚያ አካባቢ በክፍለ ቃል መጨረሻ ያለው «ስ» ወደ «ህ» ይለሰልሳል ወይም ይወድቃል። ካንታስ ካንታህ ሲሆን ከካንታ ጋር ይቀራረባል፤ ብዙ አጥኚዎች በካሪቢያን «ቱ» (አንተ) የሚለው ተውላጠ ስም ከሌላው አካባቢ ይልቅ ደጋግሞ መነገሩን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። ማብራሪያው ግን ሙሉ ስምምነት አላገኘም።

የጊዜያት ስያሜ

በካራካስ የተወለደው አንድሬስ ቤዮ እ.ኤ.አ. በ1847 በቺሊ ባወጣው ሰዋስው ካንታባን «አብሮ ኃላፊ»፣ ካንታሪያን «ድኅረ ኃላፊ»፣ ኤ ካንታዶን «ቅድመ አሁን» በሚል ሥርዓት ሰይሟል። ስያሜዎቹ በአንዳንድ የላቲን አሜሪካ ትምህርት ቤቶች አሉ። ካንታሪያ ቀድሞ ከካንታራና ከካንታሴ ጋር በዘንድ ስልት ይደረደር ነበር፤ በኋላ የራሱ ስልት ተሰጠው፤ እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የአካዳሚው ረቂቅ ሰዋስው ወዲህ ከአመልካች ስልት ጋር ነው።

የፊደል ለውጥ

ቶካር (መንካት)፣ ፓጋር (መክፈል) እና መሰሎቻቸው በላቲን ፊደል «ኤ» ሲከተላቸው ተነባቢያቸው በሌላ ፊደል ይጻፋል። ድምፁ ስለማይለወጥ መደበኛ ናቸው፤ በግዕዝ ፊደል ቶካር፣ ቶኬ፤ ፓጋር፣ ፓጌ ተብሎ ሲጻፍ ችግሩ አይታይም።