ፊደልም መሣሪያ ነው



ፎንቆ ሳስተምር አንድ የማይናገር ልጅ መጣ። «አይገባውም» ብለን ወደ ቤቱ መለስነው። እኔም ነበርኩበት።

ዛሬ «አጋዥ ቴክኖሎጂ» ሲባል ትዝ የሚለን ታብሌት ነው። ታሪኩን ስታዩት ግን ብዙው በወረቀት የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ፣ ደላዌር ውስጥ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የሥዕል ካርድ ተዘጋጀ፤ ልጁ የውኃ ሥዕል ይሰጥሃል፣ አንተ ውኃ ትሰጠዋለህ። በቃ፣ ተግባባችሁ።

በእኛም አገር ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበልም ቢሏቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉትን የማስተማሪያ ዘዴም ከራሳችን ፊደል ቀመሩ። «ቡ» ብለህ ትጽፋለህ፣ «ቡ» ብለህ ታነባለህ፤ ልጁ ከድምፅ ተነስቶ ወደ ቃል ይሄዳል። እሳቸው በ2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ሥራቸው ግን አለ።

እኛ ያንን ልጅ ስንመልሰው የፊደል ገበታው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር እኮ!

ዛሬ የምታስተምሩ ልጆቼ፣ ፊደል ሁሉን ያናግራል አልልም። ግን ሳትሞክሩ አትመልሱ።