የጃክሴል ልጆችና የ1928ቱ መሐላ

የኢንዶኔዢያ ወጣቶች በዩቲዩብና በፖድካስት ሲያወሩ፣ ዓረፍተ ነገሩ በኢንዶኔዢያኛ ይጀመርና መሃል ላይ «ዊች ኢዝ»፣ «ሊትረሊ»፣ «ቤዚካሊ» ይገባበታል። አገሬው ይህን «የጃክሴል ልጆች ቋንቋ» ይለዋል። ጃክሴል የደቡብ ጃካርታ አጭር መጠሪያ ሲሆን ሀብታም ሰፈሮች የሚገኙበት የከተማዋ ክፍል ነው። አነጋገሩ እ.ኤ.አ. በ2018 መነጋገሪያም መቀለጃም ሆነ።

ይህን የሚነቅፉ ሰዎች የወጣቶችን መሐላ ያነሳሉ። ኦክቶበር 28 ቀን 1928 በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ የተሰበሰቡ ወጣቶች አንድ አገር፣ አንድ ሕዝብና አንድ የጋራ ቋንቋ ብለው ማሉ። ነገር ግን እነዚያ ወጣቶች የደች ትምህርት ቤት ፍሬዎች ነበሩ። መሐላውን ያረቀቀው ሙሐመድ ያሚን እንኳ በ1926ቱ ጉባኤ ስለ አገሩ ቋንቋዎች የወደፊት ዕድል የተናገረው በደች ነበር። ስለዚህ ቅይጥ ንግግር የዩቲዩብ ፈጠራ አይደለም።

ቁም ነገሩ የመረጡት ቋንቋ ላይ ነው። ብዙ ተናጋሪ የነበረው ጃቫኛ ነበር። ጃቫኛ ግን ለታላቅና ለታናሽ፣ ለባለማዕረግና ለተራው ሰው የተለያየ ቃል ይጠቀማል። እነሱ የመረጡት የወደብና የገበያ መግባቢያ የነበረውን ማላይኛን ነው። ኢንዶኔዢያኛ የተባለውም ይኸው ነው። የትልቁ ብሔር ቋንቋ ስላልነበረ ማንንም በማንም ላይ አላነገሠም።

በ1942 ጃፓኖች አገሪቱን ሲይዙ ደችን ከለከሉ፤ ኢንዶኔዢያኛም የቢሮና የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1945ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ የመንግሥት ቋንቋ ተባለ። ደች ቢሄድም ቃላቱ ቀሩ። ዛሬም ቢሮ «ካንቶር»፣ ፎጣ «ሃንዱክ» ይባላል። እነዚህ ቃላት ከዕቃውና ከአሠራሩ ጋር ስለመጡ ገበሬውም ሹሙም እኩል ይላቸዋል።

«ዊች ኢዝ» ግን ምንም አዲስ ነገር ይዞ አልመጣም። ኢንዶኔዢያኛ «ያንግ» የሚል አጭር ቃል አለው። እንግሊዝኛው ይዞት የሚመጣው የተናጋሪውን ትምህርት ቤትና ሰፈር ነው።

በ2009 የወጣው የቋንቋ ሕግ የባለሥልጣናትን ንግግርና የመንግሥት ሰነዶችን ይገዛል፤ የልጆቹን ስልክ ግን አይደርስበትም። ብዙ ኢንዶኔዢያዊ ቤቱ የሚናገረው ጃቫኛ፣ ሱንዳኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ነው፤ ኢንዶኔዢያኛን የሚማረው ከሌላው ጋር እኩል ለመነጋገር ነው። አሁን ያ የእኩልነት ቋንቋ በውስጡ ሌላ ማዕረግ እያበጀ ነው። ሊያሳስብ የሚገባው የቋንቋው ንጽሕና ሳይሆን፣ እንግሊዝኛ የሚከፍልለት ያጣው ልጅ በገዛ አገሩ ጨዋታ ውስጥ አድማጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ነው።