ከአባት ደብዳቤ እስከ ሆሞሻ ጤና ኬላ፦ የኦቲዝም ምርመራ ታሪክና ለጤና ባለሙያው ያለው ትምህርት

መግቢያ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሆሞሻ ወረዳ አንዲት እናት ጨቅላ ልጇን አዝላ፣ የሦስት ዓመት ወንድ ልጇን በእጇ ይዛ ወደ ጤና ኬላ መጣች እንበል። የመጣችው ጨቅላዋን ለማስከተብ ነው። ትልቁ ልጅ ግን ሲጠሩት አይዞርም፤ የሚፈልገውን በጣቱ አያመለክትም፤ ቀድሞ ይላቸው የነበሩ ጥቂት ቃላት ጠፍተውበታል፤ ከእኩዮቹ ርቆ የጣሳ ክዳን ሲያሽከረክር ይውላል። እናቲቱ ስለ እርሱ የምትናገረው ከተጠየቀች ብቻ ነው።

ይህ ምሳሌ ነው እንጂ የአንድ የታወቀ ቤተሰብ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን በገጠር የሚሠራ ባለሙያ ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ይህን ልጅ ማን ይመርምረው? የተለመደው መልስ ወደ አሶሳ፣ ከዚያም ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ይላክ የሚል ነው። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የኦቲዝም ምርመራ በዓለምና በአገራችን ያለፈበትን መንገድ በአጭሩ በመቃኘት፣ የምርመራው መነሻ ምንጊዜም የወላጅ ቃል እንደነበረና ይህን ቃል አዳምጦ መመዝገብም በጤና ኬላ ሊጀመር እንደሚችል ማሳየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአባት ደብዳቤ

«ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ስዊዘርላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲያወጣው፣ የስኪዞፍሬንያ ሕሙማን ከውጭው ዓለም ተነጥለው በራሳቸው ውስጥ መኖራቸውን ለመግለጽ ነበር። በ1925 በሞስኮ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ግሩኒያ ሱካሬቫ ዛሬ ኦቲዝም የምንለውን ጠባይ በስድስት ወንዶች ልጆች ላይ ገልጸው ጽፈዋል። ይሁን እንጂ ሁኔታው ራሱን ችሎ በሕክምናው ዓለም ስም ያገኘው ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ሊዮ ካነር በ1943 ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ የ11 ልጆችን፣ ማለትም የስምንት ወንዶችንና የሦስት ሴቶችን ታሪክ ይዟል።

ከእነዚህ የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ነበር። ዶናልድ የተወለደው በ1933 በሚሲሲፒ ግዛት በምትገኘው ፎረስት በተባለች ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ለሕፃናት ማቆያ ተቋም ሰጥተውት ነበር፤ ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ወደ ቤታቸው መለሱት። በ1938 ወደ ካነር ሲወስዱትም አባቱ አስቀድመው የልጁን አስተዳደግ በ33 ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ልከው ነበር። መቼ ምን ቃል እንደተናገረ፣ ምን እንደሚያስደስተው፣ ምን ሲለወጥበት እንደሚቆጣ፣ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ልብ እንደማይል በዝርዝር አስፍረዋል። ካነር ኋላ በታተመው ጽሑፋቸው ከዚህ ደብዳቤ ብዙ ወስደዋል።

ነገሩን በጥሞና ላስተዋለው፣ የኦቲዝም የሕክምና ታሪክ የተጀመረው በላቦራቶሪ ወይም በመሣሪያ አይደለም። ከገጠር ከተማ የመጣ አንድ ወላጅ በቤቱ ያየውን በቅደም ተከተል ስለ ነገረ፣ ሐኪሙም የተነገረውን አክብሮ ስለ ተቀበለ ነው።

ስሙ ፍርድ በሆነ ጊዜ

የወላጅ ቃል የምርመራው መሠረት ሆኖ ሳለ፣ ብዙም ሳይቆይ ወላጁ ራሱ ተከሳሽ ሆነ። ካነር በ1943 የልጆቹ ሁኔታ ከውልደት የመጣ እንደሚመስል ቢጽፉም፣ ከወላጆቹ መካከል ፍቅራቸውን በሙቀት የሚገልጹት ጥቂቶች መሆናቸውንም ጨምረው ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የእናት ቅዝቃዜ ልጅን ኦቲስቲክ ያደርጋል የሚለው አስተሳሰብ ተስፋፋ፤ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍም ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። በዚህም ምክንያት ብዙ እናቶች ለልጃቸው ሕክምና ፍለጋ ሄደው ወቀሳ ይዘው ተመለሱ።

ይህን አስተሳሰብ በመናድ ረገድ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ራሳቸው የኦቲስቲክ ልጅ አባት የነበሩት የሥነ ልቡና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ናቸው። በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ ችግሩ የአንጎል ዕድገት እንጂ የእናት ፍቅር ማነስ እንዳልሆነ ተከራከሩ። ካነርም በ1969 በወላጆች ስብሰባ ላይ ተገኝተው ወላጆችን ከጥፋተኝነት ነጻ መሆናቸውን በይፋ ተናገሩ። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ ያደረጉት ጥናት ደግሞ የዘር ውርስ ያለውን ከፍተኛ ድርሻ አሳየ።

ከዚህ የከፋም ነበር። ካነር በጻፉበት ዘመን በቪየና ተመሳሳይ ልጆችን ይመረምሩ የነበሩት ሐንስ አስፐርገር በ1944 ያሳተሙት ጽሑፍ ኋላ ዝናን አትርፎላቸዋል። ሆኖም ታሪክ ጸሐፊው ሄርቪግ ቼክ በ2018 ይፋ ባደረገው የሰነድ ጥናት፣ አስፐርገር ከባድ የአንጎል ጉዳት የነበረባቸውን ሁለት ሕፃናት ልጃገረዶች አም ሽፒገልግሩንድ ወደ ተባለው ተቋም ልከዋቸው በዚያው መሞታቸው ታውቋል። በዚያ ተቋም በናዚ አገዛዝ ዘመን 800 ገደማ ሕፃናት አልቀዋል። የምርመራ ወረቀት ልጁን ወዴት እንደሚመራው መጠየቅ የሚገባን ለዚህ ነው።

የዶናልድ ሕይወት በተቃራኒው በጎውን ያሳየናል። ካነር በ1971 የመጀመሪያዎቹ 11 ልጆች የደረሱበትን ሲከታተሉ፣ በትልልቅ ተቋማት ውስጥ የተቀመጡት የነበራቸውን ችሎታ ጭምር እንዳጡ ተገነዘቡ። ዶናልድ ግን ለጥቂት ዓመታት በአንድ የገበሬ ባልና ሚስት ቤት ኖሮ ነበር። ገበሬዎቹ ልጁ መቁጠር እንደሚወድ አይተው የበቆሎውን ረድፍ እየቆጠረ እንዲያርስ አደረጉት። ኋላም ዶናልድ በትውልድ ከተማው በባንክ ሠርቶ፣ በሚያውቁት ሰዎች መካከል ኖሮ፣ በ2023 በ89 ዓመቱ አረፈ።

ከገለጻ ወደ መለኪያ

ኦቲዝም ከስኪዞፍሬንያ ተለይቶ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው በ1980 ነው። ከዚያ በፊት በ1979 ሎርና ዊንግና ጁዲት ጉልድ በለንደን ባካሄዱት ጥናት የሁኔታው ገጽታ ካነር ከገለጹት እጅግ የሰፋ መሆኑን አስረድተው ነበር። በ2013 የወጣው አምስተኛው የአሜሪካ መመሪያና በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም ሁኔታውን በአንድ ሰፊ ስም ጠቅልለውታል። ሁለቱም የሚመለከቱት ሁለት ዋና ዋና ነገሮችን ነው፤ አንደኛው በማኅበራዊ ግንኙነትና መግባባት ላይ ያለ ችግር፣ ሁለተኛው ተደጋጋሚና የተወሰነ ጠባይና ፍላጎት ነው።

ለልየታ ከሚያገለግሉት መጠይቆች በሰፊው የታወቀው ኤም-ቻት በ2001 ወጥቶ በ2014 የተሻሻለ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 30 ወር ለሆኑ ሕፃናት ወላጆች የሚቀርቡ 20 ጥያቄዎች አሉት። አዎንታዊ ውጤት ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት እንጂ ልጁ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም። ጥልቅ ምርመራውም ቢሆን በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ ቃለ መጠይቅና ልጁን በጨዋታ መካከል ማስተዋል ነው። ዛሬም ኦቲዝምን ብቻውን የሚያረጋግጥ የደምም ሆነ የራጅ ምርመራ የለም። ሌሎች ምርመራዎች የሚታዘዙት ተጓዳኝ ወይም ተመሳሳይ ችግሮችን ለመለየት ነው።

በአገራችን የተጓዝንበት መንገድ

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የሥነ አእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን የተወሰነው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ላይ ነበር። በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የሥነ አእምሮ ነርሶችን ማሠልጠን መጀመሩ አገልግሎቱን ወደ ክልል ሆስፒታሎች ለማድረስ በር ከፈተ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2003 የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በሕፃናት ላይ ያተኮሩ ጥናቶች ግን ጥቂት ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ በ1999 የታተመው የአምቦ ወረዳ ጥናት ሲሆን፣ 17.7 በመቶ በሚሆኑት ልጆች ላይ የጠባይ መታወክ ምልክቶች መገኘታቸውን አመልክቷል። ይህ አኃዝ ልዩ ልዩ ችግሮችን በአንድነት የሚይዝ እንጂ የኦቲዝም ስርጭት አይደለም።

በአገራችንም ለኦቲዝም በሩን የከፈተው የወላጅ ቃል ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው ለጆጆ የሚሆን ትምህርት ቤት ሲፈልጉ አላገኙም። በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ በአራት ልጆች ጀመሩ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀርበው የልጃቸውን ሁኔታ በግልጽ በመናገራቸው፣ በየቤቱ ልጆቻቸውን ደብቀው የነበሩ ብዙ ወላጆች ወደ ማዕከሉ መጡ። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም የጀመሩት ሥራ ለሌሎች አርአያ ሆኗል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት የተቋቋመ ነው።

በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት አእምሮ ጤና ክሊኒኮች ያገኛቸውን 102 ወላጆችና አሳዳጊዎች አነጋግሯል። ብዙዎቹ ለችግሩ መንስኤ የሕክምናውንም የመንፈሳዊውንም ምክንያት ጎን ለጎን ይሰጡ ነበር፤ ከአራት አንድ ያህሉ የልጃቸውን ሁኔታ ለመደበቅ ጥረው ነበር። ከሁሉ አስቀድመው አጣን ያሉት የልጃቸውን ትምህርት ነው።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በበኩሉ ባለሙያውን ወደ ቀበሌና ወደ ቤት አደረሰው። በ2019 የታተመ ጥናት በደቡብ የአገራችን ክፍል የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን አነጻጽሮ፣ ስለ ልጆች የዕድገት ችግር የሠለጠኑት ስለ ኦቲዝም ያላቸው አሉታዊ እምነትና ልጆቹን የመሸሽ ዝንባሌ ካልሠለጠኑት ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ተጨማሪ ሥልጠና ያገኙት ልጁ ወደፊት ስለሚደርስበት ደረጃ ያላቸው ተስፋ ካልሠለጠኑት ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ልብ ሊባል ይገባል። የችግሩን ስም ስናስተምር የልጁን ተስፋም አብረን ካላስተማርን፣ በቤተልሃይም ዘመን እንደሆነው ስሙ ፍርድ ይሆናል።

ወደ ሆሞሻ ስንመለስ

ሆሞሻ የበርታ ሕዝብ አገር ነው። በአሶሳ ዞን በርታኛ፣ አረብኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በ1997 የተከፈተው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያም በአካባቢው ሌሎች ቋንቋዎችን ጨምሯል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የቋንቋ ነው። ልጅ በሁለትና በሦስት ቋንቋዎች መካከል ማደጉ ኦቲዝም አያመጣም። ልጁ በአማርኛ አለመመለሱም ምልክት አይደለም፤ መታየት ያለበት በእናቱ ቋንቋ፣ በምልክትና በዓይን የሚያደርገው መግባባት ነው። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ የሰፈር ሰው ከመጥራት ይልቅ ምሥጢር የሚጠብቅ ባልደረባ መምረጥ ይገባል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የአካባቢው በሽታ ነው። አካባቢው ወባ የሚበዛበት ሲሆን፣ የምዕራቡ የአገራችን ክፍል በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ይገኛል። ልጁ ቃላት ያጣው ራሱን ስቶ ከታመመ በኋላ ነው ወይስ ያለ ምንም ሕመም? የጆሮ መግል ነበረው? ድምፅ ይሰማል? የሚጥል በሽታ ምልክት አለው? ሲወለድ ለማልቀስ ዘግይቷል? ዕድገቱ ከመጀመሪያው የዘገየና ሰውነቱ ያበጠ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ማነስ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳይጠይቁ ኦቲዝም ብሎ መደምደም ሊታከም የሚችል ሕመምን ማለፍ ነው። በሌላ በኩል፣ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ ቃላትን ማጣት ያለ ምንም ሕመም በኦቲዝም የሚታይ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ዓይን ወይም ጂን ነው ቢል አያስደንቅም። ባለሙያው እምነታቸውን ሳያንኳስስ የራሱን ሥራ መቀጠል ይችላል።

ሦስተኛው ጥንቃቄ እናቲቱ የመጣችበት ክትባት ነው። የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998 ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶችም ግንኙነት አላገኙም። ጥያቄው ከመጣ በግልጽ መመለስ አለበት።

መደምደሚያ

የሆሞሻዋ እናት ወደ አሶሳ ስትላክ በእጇ የምትይዘው የሪፈር ወረቀት «አይናገርም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ከያዘ፣ በአስተርጓሚ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልትናገር ነው፤ ምናልባትም አትናገረውም። የዶናልድ አባት የጻፉት 33 ገጽ ነበር። ከጤና ኬላው አንድ ገጽ ይበቃል። መቼ እንደተወለደ፣ መቼ እንደተራመደ፣ ምን ቃል በየትኛው ቋንቋ ይል እንደነበረና መቼ እንዳቆመ፣ ሲጠሩት ምን እንደሚያደርግ፣ ምን እንደሚወድ፣ ምን ሕመም እንዳለፈበት ይጻፍ። ከዚያም ጉዞው እስኪሳካ ድረስ ለእናቲቱ ሁለት ነገር ይነገራት። አንደኛው፣ ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። ሁለተኛው፣ ልጇን ከሰው ሳትደብቅ በሚወደው ጨዋታ እየገባች፣ በምታጥብበትና በምታበላበት ጊዜ በራሷ ቋንቋ ታነጋግረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና በአገራችንም የተሞከረው ሥልጠና መሠረቱ ይኸው የዕለት ተዕለት ጨዋታና ሥራ ነው።

ከወር በኋላም ጨቅላዋን ለቀጣዩ ክትባት ይዛ ስትመጣ ባለሙያው ትልቁ ልጅ እንዴት እንደሆነ ይጠይቃት። ያልተጠየቀ ልጅ አይመረመርም።