በሩን ስበሩት ያለው ጠበቃ

በጁን 1936 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የብሪታንያ መንግሥት ጣሊያን ላይ የተጣለው ማዕቀብ ይነሳ ሲል፣ ሚኒስትሮቹን ፓርላማ ውስጥ ፊት ለፊት ካብጠለጠሏቸው አንዱ የ73 ዓመቱ ዴቪድ ሎይድ ጆርጅ ነበር። ይኸው የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር በዚያው ዓመት ሒትለርን ጎብኝቶ፣ አድንቆት መመለሱም አይካድም። ክፉም ይባል ደግ፣ ምላሱ የተሳለው ግን ለንደን ሳይሆን ሰሜን ዌልስ ውስጥ፣ በአንድ የገጠር መቃብር ክርክር ላይ ነው።

አባቱ የሞቱበት ገና በሕፃንነቱ ነው። ያሳደጉት የእናቱ ወንድም ሪቻርድ ሎይድ፣ ላነስቲምድዊ በምትባል መንደር ጫማ ሰፊና ሰባኪ ነበሩ። የሕግ ፈተናው ፈረንሳይኛ ይጠይቅ ስለነበር፣ እኚህ ሰው ራሳቸው ቋንቋውን ከመጽሐፍ እየተማሩ ልጁን አስጠኑት። በ1884 ጠበቃ ሆነ፤ በዓመቱ ክሪኪየዝ ላይ የራሱን ቢሮ ከፈተ።

በዚያን ጊዜ አብዛኛው የዌልስ ሕዝብ ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሚያመልክ ነበር። የደብሩ መቃብር ግን በአንግሊካን ቄሶች እጅ ነው። በ1880 የወጣ ሕግ ማንም በራሱ ሥርዓት እዚያ እንዲቀበር ቢፈቅድም፣ ሕግ መውጣቱ ሌላ፣ በር መከፈቱ ሌላ ነው። በ1888 የላንቭሮዘኑ አዛውንት ድንጋይ ፈላጭ ሮበርት ሮበርትስ ከልጃቸው ጎን ልቀበር ብለው ሞቱ። ቄሱ እምቢ አሉ፤ መሬቱ በአንግሊካን ሥርዓት ብቻ እንዲቀበርበት በውል የተሰጠ ነው በማለት። ሐዘንተኞቹ ወጣቱ ጠበቃ ዘንድ ሄዱ። ሎይድ ጆርጅ ሰነዱን ሲያገላብጥ፣ ቄሱ የያዙት ውል ከስጦታው ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተጻፈ ሆኖ አገኘው፤ መሬቱ ለደብሩ የተሰጠው በ1864፣ ውሉ የተጻፈው በ1881። በሩ ከተቆለፈ ሰብራችሁ ግቡ አላቸው። ሰበሩት፤ ቀበሩም።

ቄሱ ከሰሱ። የጁሪው አባላት ለቤተሰቡ ቢፈርዱም፣ ዳኛው ቃላቸውን በትክክል ሳይመዘግቡ ለቄሱ ወሰኑ። ጠበቃው ይግባኙን ይዞ ለንደን ድረስ ዘለቀ፤ ዲሴምበር ላይ የአገሪቱ ዋና ዳኛ ለቤተሰቡ ፈረዱ። ለቀብር ነገር ሟች ዘመዱን የሸኘ ሁሉ ዳኛ ነው፤ የሎይድ ጆርጅ ስም በዌልስ መንደሮች እንዴት እንደተዛመተ ለመገመት አያዳግትም።

ጊዜውም አገዘው። እስከዚያ ድረስ ካውንቲዎቹን የሚያስተዳድሩት በሕዝብ ያልተመረጡ፣ በአብዛኛው ባለርስት የሆኑ ዳኞች ነበሩ። በ1889 መጀመሪያ ላይ ሕዝብ የካውንቲ ምክር ቤቶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ፣ በእሱ ካውንቲ በካርናርቮንሻየር የፓርቲው ሰዎች፣ ሊበራሎቹ፣ አሸነፉ። ሎይድ ጆርጅ ራሱ አልተወዳደረም፤ ለሌሎች ሲቀሰቅስ ነው የከረመው። ተመራጮቹ ግን ባላቸው ሥልጣን በ26 ዓመቱ አልደርማን አድርገው ምክር ቤቱ ውስጥ አስቀመጡት፤ ‹‹ልጁ አልደርማን›› ተባለ።

በቀጣዩ ዓመት የካርናርቮን የፓርላማ መቀመጫ ባዶ ሲሆን ሎይድ ጆርጅ ተወዳደረ። ተፎካካሪው እሱ ያደገባት መንደር ባለርስት ኤሊስ ናኒ ነበሩ። ውጤቱ 1963 ለ1945፤ በ18 ድምፅ አሸነፈ። በዚያ መቀመጫ 55 ዓመት ቆይቷል።

በእኔ ግምት የዚህ ድል ዕዳ የወደቀው ታናሽ ወንድሙ ዊልያም ላይ ነው። የፓርላማ አባል እስከ 1911 ደመወዝ አልነበረውም፤ ክሪኪየዝ ቢሮ ተቀምጦ ደንበኛ እያስተናገደ ሁለቱንም ያኖረው ዊልያም ነበር።

ካውንቲ ምክር ቤቱን ሎይድ ጆርጅ እንደ መሰላል ወጥቶ የረገጠው የሚመስለው ካለ 1902ን ይመልከት። በዚያ ዓመት የወጣው የትምህርት ሕግ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ከአካባቢው ግብር እንዲደጎሙ አዘዘ። በእንግሊዝ ብዙዎች ግብር አንከፍልም ብለው ንብረታቸው ሲወረስ፣ ሎይድ ጆርጅ ለዌልስ ሌላ መንገድ ቀየሰ። እምቢታው ከግለሰብ ሳይሆን ከምክር ቤቶቹ ይምጣ፤ ትምህርት ቤቶቹ ሕጉ የሚጠይቀውን እስካላሟሉ ድረስ ምክር ቤቶቹ ገንዘብ አይልቀቁ አለ። ያው የመቃብሩ ብልሃት ነው፤ ሕጉን ሳይጥስ በሕጉ ማስጨነቅ። በ1904 የዌልስ ካውንቲ ምክር ቤቶች በሙሉ በሊበራሎቹ እጅ ገቡ፤ መንግሥትም እምቢ ባዮቹን ምክር ቤቶች አልፎ ገንዘቡን ለማድረስ አዲስ ሕግ ለማውጣት ተገደደ።

በዲሴምበር 1905 ሊበራሎች ሥልጣን ሲይዙ ሎይድ ጆርጅ የንግድ ሚኒስትር ሆኖ ካቢኔ ገባ። ዊልያም ከክሪኪየዝ አልተነቃነቀም፤ እሱም በተራው ለብዙ ዓመታት የካርናርቮንሻየር ምክር ቤት አባል ሆኖ አገልግሎ በ1967፣ በ101 ዓመቱ አረፈ።