የሁለት ዶላሩ ቀዶ ሕክምና

አሜሪካውያን በየዓመቱ ማርች 30 የሐኪሞችን ቀን ያከብራሉ። ዕለቱ የተመረጠው በ1842 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጆርጂያ ግዛት፣ ጄፈርሰን በምትባል ትንሽ ከተማ የተደረገን አንድ ቀዶ ሕክምና ለማሰብ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው የሰመመን ታሪክ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቦስተን ላይ ይጀምራል።

የቦስተኑ ብዙ ተነግሮለታል። ኦክቶበር 16 ቀን 1846 የጥርስ ሐኪሙ ዊሊያም ሞርተን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ጊልበርት አቦት የተባለውን ወጣት በኤተር አደነዘዘው፤ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ዋረን ከአንገቱ ላይ እብጠት ሲያወጣለት አልጮኸም። እስከዚያ ድረስ ቀዶ ሕክምና ማለት ጉልበተኞች በሽተኛውን ጠፍረው ይዘው፣ ሐኪሙ ከጩኸቱ ጋር እየተሽቀዳደመ የሚቆርጥበት ሥራ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ የለንደን ሐኪሞችም ኤተርን ሞከሩት።

ጄፈርሰን ላይ ግን የ26 ዓመቱ ሐኪም ክራውፎርድ ሎንግ ቀድሞ ነበር። በዘመኑ ወጣቶች ተሰብስበው ለጨዋታ ኤተር ያሸቱ ነበር፤ ሎንግም አብሯቸው ያሸታል። ሲንገዳገዱና ሲላተሙ ሰውነታቸው ይበልዛል፤ ሕመሙ ግን ትዝ አይላቸውም። ከእነዚሁ ወጣቶች አንዱ፣ ጄምስ ቬነብል፣ ማጅራቱ ላይ ሁለት እብጠት ነበረበት፤ ቢላውን እየፈራ ቀኑን ሲያራዝም ከረመ። በመጨረሻ ሎንግ ፎጣ ላይ ኤተር አፍስሶ አስሸተተውና አንዱን እብጠት ቆርጦ አወጣው። ቬነብል ሲነቃ ነገሩ ማለቁን አላመነም፤ የወጣለትን ሥጋ ማሳየት ግድ ሆነ። ሐኪሙ በሒሳብ መዝገቡ ላይ ለኤተሩና ለቀዶ ሕክምናው ብሎ ያሰፈረው ሁለት ዶላር ነው።

ከዚያ በኋላ ሎንግ ለሰባት ዓመት ዝም አለ። ሕመሙን ያጠፋው ኤተሩ ይሁን የበሽተኛው ምናብ ለመለየት ተጨማሪ በሽተኞች ይጠብቅ ነበር። ሁለት ጣቶቹ መቆረጥ የነበረባቸው አንድ ጥቁር ልጅ ሲመጣለት አንዱን በኤተር፣ ሌላውን ያለ ኤተር ቆረጠ። ልጁ የተሰቃየው በሁለተኛው ነው። ባርነት በሰፈነበት ደቡብ ለእንዲህ ያለ ማረጋገጫ የቀረበው ማን እንደሆነ ልብ ይሏል።

ሎንግ ጽሑፉን በ1849 ሲያሳትም በሰሜን ግኝቱ የማን ነው የሚለው ጠብ ጦፏል። ሞርተን ኤተሩን ቀለምና ሽታ ቀላቅሎ፣ ስሙን ለውጦ የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ኬሚስቱ ቻርልስ ጃክሰን ሐሳቡ የእኔ ነው ይላል። በሳቅ ጋዝ ቀድሞ የሞከረው ሆራስ ዌልስ ኒውዮርክ እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። ሞርተን ለግኝቱ ከኮንግረስ የጠበቀውን 100,000 ዶላርም ሳያገኝ ኖሮ ሞተ። የሎንግ ተቺዎች ያልታተመ ግኝት ማንን ይጠቅማል ይላሉ። ወቀሳው ባዶ አይደለም፤ ዓለምን ያሳመነው ሞርተን ነውና። ማን ቀደመ ከተባለ ግን የሎንግ መዝገብና ቬነብል በመሐላ የሰጠው ቃል በቂ ማስረጃ ናቸው።

ኤተር በቀላሉ ስለሚቀጣጠልና ስለሚያስመልስ በ1950ዎቹ ሃሎታን ቦታውን ይወስድ ጀመር፤ ኋላም ኢሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ተከተሉ። አካሄዱ ያው ነው። መድኃኒቱ በትንፋሽ ሳንባ ይገባል፣ በደም ወደ አንጎል ይደርሳል፣ ሲዘጋ በአብዛኛው በትንፋሽ ይወጣል። በባዶ ሆድ ኑ የሚባለውም የሰመመን እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ቢያስመልሰው ምግቡ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ስለሚችል ነው።

ሎንግ ቬነብልን ሊጠይቀው የማይችለው፣ ዛሬ ግን የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከቤተሰብ በሰመመን ጊዜ ድንገት ትኩሳቱ ያሻቀበ፣ ጡንቻው የደረቀ ወይም ሕይወቱ ያለፈ ሰው አለ? በዘር የሚተላለፍ፣ እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፣ ነገር ግን የሚገድል ችግር ነው። የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያለዎት አንባቢ፣ እንዲህ ያለ ነገር በቤትዎ ተሰምቶ ከሆነ ባይጠየቁም ለሰመመን ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ።