የጨጓራ ባክቴሪያና የሊምፎማ ነቀርሳ ታሪክ

ብዙዎቻችን ከአገራችን ይዘነው የመጣነው የጨጓራ በሽታ ቀድሞ በበርበሬና በጭንቀት ይመካኝ ነበር። በ1982 ግን አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ዋረንና ማርሻል ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ ለይተው አወጡ።

ሰውነታችን ይህን ጠላት ለመከላከል ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ጨጓራ ይልካል። ውጊያው ለዓመታት ሲራዘም ግን የጨጓራው መቆጣት ራሱ ጉዳት ያመጣል። ቲ ሴሎች ቢ ሴሎችን ያለማቋረጥ እንዲራቡ ይገፋፏቸዋል፤ ከነዚህም መካከል፣ ከስንት አንዴ፣ ሊምፎማ ይነሳል።

በ1993 የለንደኖቹ ሐኪሞች ዎተርስፑንና አይዛክሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር እንዲህ ያለ ሊምፎማ የያዛቸው ስድስት በሽተኞች በአንቲባዮቲክ መታከማቸውን ገለጡ። ባክቴሪያው ሲጠፋ በአምስቱ ላይ ነቀርሳውም ጠፋ።

ጨጓራውን የሚያመው ሁሉ ነቀርሳ አለበት ማለት አይደለም። ሆኖም በቲራት ካርሜል የምትኖሩ ወገኖች፣ ሐኪም የትንፋሽ ምርመራ ሲያዝላችሁ አትቅሩ፤ መድኃኒቱንም ሕመሙ ቢቀልላችሁ እንኳ ሳታቋርጡ ጨርሱ።