የሊባኖስ ተራራ ለምን ነደደ?

እህቶቼ፣ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት መጀመሪያ፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 2019፣ ሊባኖስ የነበራችሁ ያንን እሳት አትረሱትም። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከ100 በላይ ቦታ ተነሣ። በሹፍ፣ በዳሙርና በምሽረፍ ጫካው ብቻ አይደለም፣ ቤትም መኪናም ነደደ። እሳት ማጥፊያ ተብለው በሕዝብ መዋጮ የተገዙት 3 ሄሊኮፕተሮች ጥገና አጥተው ቆመው ነበር። አውሮፕላን ከቆጵሮስ መጣ፣ ኋላም ዝናብ ደረሰ። በኦክቶበር 17 ሕዝቡ በአዲስ ግብር ምክንያት አደባባይ ሲወጣ የእሳቱ ንዴት ገና አልበረደለትም ነበር።

ሙቀቱና ንፋሱ እሳቱን አባባሱት። የሚነደውን ያከማቸው ግን ረጅም ዘመን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የተራራው ሰው ገደሉን በድንጋይ እርከን ሠርቶ ለሐር ትል ቱት የሚባለውን ዛፍ ይተክል፣ ሐሩን ለፈረንሳይ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ብዙው ሰው ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ረሃብ ፈጀው፤ የሐሩም ገበያ ወደቀ። ከ1975 እስከ 1990 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ ስንቱ መንደር ተፈናቀለ። እርከኑን የሚያርስ፣ እንጨት የሚለቅም፣ ፍየል የሚያሰማራ እጅ አነሰ። በቦታው ቁጥቋጦና ስኖበር በቀለ። እንደኛው እነሱም ስደተኛ ነበሩ፤ ሰው የተወው መሬት ለእሳት ማገዶ ሆነ።

ቤት የሚቃጠለው ሁልጊዜ ነበልባሉ መጥቶ ስለላሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ንፋስ ያመጣው ፍንጣሪ የደረቀ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ነው። አገር ቤት የጭድ ክምር ከጎጆ ራቅ የሚደረገው ለዚሁ አይደል? ስለዚህ በጋ ሲገባ ጣሪያ ላይና አሸንዳ ውስጥ ያለውን ቅጠል ማውረድ፣ ግድግዳው ሥር ያለውን ደረቅ ሣር ማጨድ፣ የማገዶ እንጨቱንና የማዞቱን ጀሪካን ከቤቱ ማራቅ ያስፈልጋል። ቤቱን የሚነካ ቅርንጫፍም ይቆረጥ። የውሃው ጎማ የሚደርስበትን ለኩት። ጭስ ሲቀርብ መስኮት ይዘጋል፤ 125 ይደወላል፤ ውጡ ከተባለ ይወጣል።

ይህን ሥራ ዛሬ በብዙ ቤት የሚሠራው ማነው? እኛው ነን። ተራራው የጎደለው እጅ፣ ቢያንስ በግቢው ውስጥ፣ የእኛ እጅ ሆኗል። ግቢውን ጠርጋ ከእሳት የምትጠብቅ ሴት በር ተቆልፎባት፣ ፓስፖርቷ በሰው መሳቢያ ተቀምጦ ከሆነ ግን እሷን ማን ይጠብቃታል? ንብረት ይተካል፣ ሰው አይተካም። ማዳምን በደህና ቀን፣ ጭስ ሳይታይ፣ «እሳት ቢመጣ በየት እወጣለሁ? ቁልፉስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቅጠል እንደመጥረግ ሁሉ ይሄም የቤት ጥበቃ ነው።